ትኩሳት የለብሽም

ሊይዙኝ የመጡ ዕለት ተኝቼ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ታሪኬ ውስጥ ጀግንነት የሚፈልግ ሰው በከንቱ እንዳይደክም ብዬ ነው። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ነው። አጅማን ውስጥ ዘጠኝ ሆነን አልጋ አልጋ በተከራየንባት ክፍል፣ ቢድ ስፔስ በሚሏት፣ በተደራራቢው አልጋ ታችኛው ላይ፣ በሐምሌ ሙቀት ብርድ ልብስ ተከናንቤ አንቀላፍቻለሁ። የክፍሉ ልጆች ቀሰቀሱኝ። በሩ ላይ ሲቪል የለበሱ ሁለት ወንዶችና ጥቁር አባያ ያደረገች ሴት ቆመዋል። ሴትዮዋ ስልኳ ላይ ያለውን ምስል ከፊቴ ጋር አስተያየችና ለወንዶቹ ራሷን ነቀነቀችላቸው።

ምስሉ የኔ ነው። በኮሮና ፍርሃት አሠሪዎቻቸው ከነሻንጣቸው ያስወጧቸው ልጆች እኛ ሕንጻ ሥር ተጠልለው ነበር። የእነሱን ፊት ሳላሳይ እጃቸውን ብቻ፣ ከእጃቸው ቀጥሎ የራሴን ፊት አሳይቼ፣ «ወገን፣ እነዚህ ልጆች የሚበሉትም የሚሄዱበትም የላቸውም፤ ድረሱላቸው» ብዬ በስልኬ ቪዲዮ ቀርጬ ለቀቅኩ። ሦስት ደቂቃ አይሞላም። በሁለት ቀን ውስጥ አገር ምድሩ ተቀባበለው። እንዲህ ያለ ነገር እዚያ አገር እንደሚያሳስር አላውቅም ነበር ብል እዋሻለሁ። አውቅ ነበር፤ ብቻ ልጆቹ ከሕንጻው ሥር ሲያዩኝ ሌላ የማደርገው ነገር አልታየኝም።

«ጫማሽን አድርጊ፣ ያላ» አለችኝ ሴትዮዋ።

ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር ማሰር አቃተኝ። ጣቶቼ ለእኔ አልታዘዝ አሉኝ። የፈራሁ መሰላቸው፤ መፍራቱንም ፈርቼ ነበር፣ ክሩን ያስጣለኝ ግን ድካም ነው። ከክፍሉ ልጆች አንዷ ተንበርክካ አሰረችልኝ። መኪናው ሻርጃን ሲያቋርጥ አራት ዓመት የሠራሁበትን የማዳሜን ሰፈር መታጠፊያ አየሁት። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ። ወደ እስር ቤት ሲወስዱት መኪና ውስጥ የተኛ ሰው ከኔ ሌላ መኖሩን እንጃ። ስለዚህ የት እንዳስገቡኝ እስከ ዛሬ በትክክል አላውቅም።

መግቢያው ላይ ከመስታወት ኋላ የተቀመጠ መኮንን ቅጽ ይሞላል። ከጎኑ አስተርጓሚ ቆማለች፤ ማስክ አድርጋ፣ ፀጉሯን በጥቁር ሻሽ ሸፍና። አማርኛዋን ስሰማ ልቤ ዘለለ፤ የአዲስ አበባ ልጅ ናት።

«እህቴ!» አልኳት።

«እህቴ አትበይኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ። በሽታ አለብሽ?»

«የለብኝም።»

«የምትወስጂው መድኃኒት?»

«የለም። ጤነኛ ነኝ።»

መኮንኑ ጻፈ፤ እኔም ፈረምኩ።

ይህን ስህተት የሚሠራ የዓረብ አገር ተጓዥ ብቻ ነው። ከአገር ስንወጣ መጀመሪያ የምንማረው ቃል «አንፊት» ነው፤ የሕክምና ምርመራውን ወድቃ ሕልሟን ውኃ የበላባት ማለት ነው። እኔ ያኔ አንገቴ ሥር የሽሮ አተር የምታህል ነገር ነበረችኝ። የኤጀንሲው ሰው አይቷት ወደ ጥግ ወሰደኝና «ሻርፕ አድርጊ። ሐኪሙ ፊት ቀና አትበይ። በሽታ አለብሽ ወይ ሲልሽ ሳታስቢ የለብኝም፣ ጤነኛ ነኝ በይ» አለኝ። አራት ሆነን ኮሪደሩ ላይ እንደ ሕፃን እየተቀባበልን አጠናነው። አጥንቼም አለፍኩ። ይኸው ከስንት ዓመት በኋላ፣ ቪዛዬን ወስደውብኝ፣ ስልኬን ወስደውብኝ፣ ምላሴ አሁንም ያንን ቪዛ ይጠብቃል።

ጠባቂዋ ጉትቻዬን አወለቀች፣ የፀጉር ሽቦዬን ነቀለች፣ ከዚያ ማተቤ ላይ ደረሰች። ቋጠሮውን ልትፈታ ታገለች፤ አንገቴ ላይ ተጣብቆ ጥፍሯን ማስገቢያ አጣች። «ኸላስ» ብላ ትታው አሳለፈችኝ።

ክፍሉ አሥራ አራት ሴቶች ያሉበት ነው። የብረት አልጋ በሁለት ረድፍ፣ ቀንና ሌሊት የማይጠፋ ነጭ መብራት፣ የክሎሪን ሽታ፣ ጣሪያው ላይ እያጓራ የሚነፍስ ኤሲ። ሁሉም የሚሻማው ከኤሲው ሥር ያለውን አልጋ ነው። እኔ ከበሩ አጠገብ ያለውን፣ ማንም የማይፈልገውን ያዝኩ። ይበርደኝ ነበር። ውጪው ምጣድ ሆኖ ሳለ እኔ ጥርሴ ይንገጫገጫል።

ጎረቤቴ የሆሳዕና ልጅ ነበረች። ጀበል አሊ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ስታሽግ ቆይታ፣ መሰብሰብ በተከለከለበት ወቅት ከጥቂት ሰዎች ጋር በኪራይ አዳራሽ ሲጸልዩ የተያዘች ጴንጤ ናት። ሳቂታ ናት፤ ምላሷም አያርፍም።

«እስር ቤት የተስማማው ሰው አየሁ!» ትለኛለች። «እኛ ስንከሳ አንቺ ፊትሽ ሞላ።»

በእኛ ዘንድ «ወፈርሽ» ማለት «ተመችቶሻል» ማለት ነው። እናቴ ራሷ በስልክ ካሜራ ስታየኝ «ተመስገን፣ ተመችቶሻል» ትል ነበር። ሩብ እንጀራ እየበላሁ ለምን እንደማብጥ ለማን ልንገር? ማዳሜ ለሁሉም ነገር ፓናዶል ነበራት። ደከመኝ ስላት ፓናዶል፣ ፀጉሬ ረገፈ ስላት ፓናዶል፣ በመጨረሻ ብረት ይዤ ቆሜ ስተኛ አገኘችኝና «ሰነፍሽ» ብላ አሰናበተችኝ። ይህን ቃል ለረጅም ጊዜ አምኜው ነበር። ሰነፍ መሆኔን ስለማፍርበት ሐኪም ቤት ለመሄድ እንኳ አፈርኩ።

እስር ቤቱም ውስጥ ቃሉ ተከተለኝ። ክፍሉን በተራ እናጸዳለን። ተራዬ ሲደርስ ግማሹን ወልውዬ መጥረጊያውን ተደግፌ እቆማለሁ። አንዷ «ማዳም ሆና ነው እንዴ የመጣችው?» አለች፤ ሌሎቹ ሳቁ። የሆሳዕናዋ ልጅ መጥረጊያውን ነጠቀችኝ። ለሦስት ሳምንት ያህል ተራዬን እየሠራች እያንዳንዷን ቀን ስትነጫነጭብኝ ከረመች። መነጫነጯ ደስ ይለኝ ነበር፤ የሚጠላ ሰው ዝም ነው የሚለው።

በመጀመሪያው ሳምንት ለምርመራ ጠሩኝ። መርማሪው ቪዲዮውን ከፍቶ አሰማኝ። ራሴን ከውጭ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። በልጅነቴ የሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪ ነበርኩ፤ ድምፄ ቀጭን ነው ብዬ ነው የማውቀው። ስልኩ ውስጥ የምትናገረው ሴት ግን ድምፅዋ ጎርናና ነው፤ ቃሉን እንደ ከባድ ጆንያ ትጎትተዋለች። ስለ ክሱ ማሰብ ትቼ ጉሮሮዬን አሰብኩ።

«ይህ ድምፅ ያንቺ ነው?» አስተርጓሚዋ ጠየቀችኝ።

«የኔ ነው። ሐኪም ማየት እፈልጋለሁ በይልኝ።»

ነገረችው መሰለኝ፤ መርማሪው ወረቀት ገልብጦ ጣቱን አሳረፈበት።

«ጤነኛ ነኝ ብለሽ ፈርመሻል ነው የሚልሽ» አለችኝ።

በነጋታው ለሆሳዕናዋ ልጅ የአንፊቱን ነገር ሁሉ ነገርኳት። ሳቀችብኝ፤ ቀጥላ «እስቲ ቀና በይ» አለችና አንገቴን አየችው። ስለ ማተቤ ስትከራከረኝ ነበር የከረመችው፤ «ክር ምን ያደርግልሻል?» እያለች። አሁን ግን ክሩን በጣቷ ስታሽከረክር ቆየችና፣

«ይህ ጥቁር ጥቁር ነገር ምንድን ነው?» አለችኝ።

አስቤው አላውቅም ነበር። ማተቤ በላብና በበረኪና ብዛት ወደ ግራጫ ሄዷል። ቋጠሮው የነበረበት ቦታ ግን ተሸፍኖ ስለቆየ ጥቁር እንደሆነ ቀርቷል። አንደኛው ቋጠሮ የንስሐ አባቴ ያሰሩልኝ፤ ከዚያ ሻርጃ ሲጠበኝ ፈትቼ አስረዘምኩት፤ ሁለተኛ አስረዘምኩት፤ አጅማን ሦስተኛ። ረጅም የነበረው ጫፉ አልቆ ለመቋጠር ያህል ብቻ ቀርቷል።

«እህቴ» አለችኝ ሳቋን አቁማ፣ «አንቺ አልወፈርሽም። ይህ አንገት ነው እንጂ ያበጠው። ጌታ ምስክሬ ነው፣ ይህን ሐኪም ማየት አለበት።»

ለሐኪም የምትቀርበው ግን ትኩሳት ያለባት ብቻ ነበረች። ማክሰኞ ማክሰኞ ከእግሯ እስከ ራሷ ፕላስቲክ የለበሰች ነርስ ትመጣና ሽጉጥ የሚመስለውን መለኪያ በየግንባራችን ትደግናለች። ትኩሳት የተገኘባት ለብቻዋ ወደሚያቆዩባት ክፍል ትወሰዳለች፤ ከዚያም ሆስፒታል ትደርሳለች ይባላል። ያንን ክፍል ሁሉም እንደ ጅብ ይፈሩታል። ማክሰኞ ጠዋት ሴቶቹ አልጋ ላይ ቆመው ግንባራቸውን ለኤሲው ይሰጣሉ፣ እንዲቀዘቅዝ። ከአሥራ አራታችን ትኩሳት የምትመኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።

የሆሳዕናዋ ልጅ መላ ዘየደች። የቁርስ ሻያችን እንደ እሳት ሆኖ በወረቀት ኩባያ ይመጣል። የእሷንም የኔንም ኩባያ ግንባሬ ላይ አስደገፈችኝ። ሌላው ግንባሩን ለኤሲ፣ እኔ ለሻይ። ሆዳችን እስኪቆስል ሳቅን፤ ከታሰርኩ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። ነርሷ ስትገባ ኩባያውን ደበቅንና ተሰለፍኩ።

መለኪያው ጮኸ። ነርሷ አየችውና አውራ ጣቷን አነሳችልኝ። ሠላሳ ስድስት። ሻዩም ሁሉ ተጨምሮ ሠላሳ ስድስት። ያለ ሻይ ሠላሳ አምስት ነጥብ አራት እንደሆንኩ ያለፈው ሳምንት አይቻለሁ። ከክፍሉ ሁሉ የቀዘቀዝኩት እኔ ነኝ፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ቀዝቃዛ ሰው ማለት ጤነኛ ሰው ማለት ነው።

«ማፊ ሙሽኪላ» አለችኝ፣ ችግር የለም።

ከሰልፉ አልወጣሁም። ነርሷ «ቀጣይ» ስትል ቆምኩ። ጠባቂዋ ክንዴን ስትይዘኝ የሆሳዕናዋ ልጅ ከኋላዬ ዘላ ገባችና የልብሴን አንገትጌ ወደ ታች ሳበችው። «ሹፊ! ሹፊ!» እያለች ማተቤን በሁለት ጣቷ ይዛ ጥቁሮቹን ምልክቶች አንድ በአንድ አሳየች። በመጋዘን ዐረብኛዋ የምትችለውን ሁሉ አዘነበችው፤ አንገት፣ ትልቅ፣ እንቅልፍ፣ ብርድ፣ ፀጉር የለም፣ ሹግል አትችልም፣ ሥራ ማለቷ ነው።

ነርሷ መለኪያውን ዝቅ አደረገች። ከየት አገር እንደሆነች አላውቅም፤ ከፕላስቲኩ ውስጥ ዓይኗ ብቻ ነው የሚታየው። በድርብ ጓንት አንገቴን ነካችው። ምራቅሽን ዋጪ ብላ በምልክት አሳየችኝ። ዋጥኩ። ደግመሽ። ዋጥኩ። ከዓመታት በኋላ አንገቴን በቁም ነገር የነካው የመጀመሪያ ሰው እሷ ናት። እንዳታቆም በልቤ ለመንኩ።

«ታይሮይድ» አለች። ወደ ጠባቂዋ ዞራ ስለ ደም ምርመራና ስለ ሆስፒታል በእንግሊዝኛ ተናገረች።

ጠባቂዋ ትከሻዋን ሰበቀች። ሆስፒታሉ ከኮሮና በቀር አይቀበልም። «ባዕዴን» አለች። በኋላ።

ነርሷ የምትችለውን አደረገች። የምትችለው የኮሮናውን ምርመራ ነበር። ረጅሙን ዘንግ አፍንጫዬ ውስጥ አስገባችና ዓይኔን አስለቀሰችኝ። በሦስተኛው ቀን አስተርጓሚዋ በሩ ላይ መጥታ ስሜን ጠራች።

«ነጌቲቭ ነሽ። ምንም የለብሽም።»

ሴቶቹ አጨበጨቡልኝ፤ አንዷ እልል አለች። እኔ አለቀስኩ። ሲይዙኝ ያላለቀስኩት፣ ሲመረምሩኝ ያላለቀስኩት ሴት፣ ጤነኛ ነሽ ስባል ብርድ ልብሴን ነክሼ አለቀስኩ። ደስታ መስሏቸው ተዉኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለመተረክ አይመችም፤ ምንም አልሆነምና። ማክሰኞ ይመጣል፣ ነርስ ትመጣለች፣ ያችው ትሁን ሌላ አልለይም፤ ባዕዴን ይባላል። ትራሴ ላይ ፀጉር እለቅማለሁ። ቁጭ ብዬ እያወራሁ እንቅልፍ ይወስደኛል። አንድ ቀን የስልክ ተራዬ ደረሰ፤ ሁለት ደቂቃ ይሰጠናል። መነጋገሪያውን ይዤ የእናቴን ቁጥር መምታት ጀመርኩ፤ መካከል ላይ ሲደርስ ጠፋኝ። ለዓመታት በየሳምንቱ የመታሁት ቁጥር ነው። ጀመርኩት፣ ጠፋኝ፤ ጀመርኩት፣ ጠፋኝ። ሁለቱ ደቂቃ አለቀና የሚቀጥለው ሰው ገባ።

የሆሳዕናዋ ልጅ አልጋዬ ጫፍ ላይ መጥታ ተቀመጠች። «እጸልይልሻለሁ፣ ስትፈልጊ በማተብሽ አሜን በይ» አለችኝ ልታስቀኝ። አልሳቅኩም።

«ምንድን ነው እንዲህ የሚያስፈራሽ?» አለችኝ።

«የገደለኝ ነገር ስሙ የትም ሳይጻፍ መሞት» አልኳት። «ለእናቴ ምን ብለው ሊነግሯት ነው? ነጌቲቭ ነበረች?»

ሹራቧን አውልቃ እላዬ ላይ ጣለችልኝ።

በሦስተኛው ወር መጨረሻ አንድ ጠዋት ሰባት ስም ተጠራ። ወደ አገር ቤት የሚሄድ በረራ ተገኝቷል። የኔ ስም ስድስተኛ ነው። የሆሳዕናዋ ልጅ አልተጠራችም። ሹራቧን ልመልስላት ስል «ልበሺው፣ አውሮፕላን ውስጥ ይበርድሻል» አለችኝ። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች።

ወረቀት የሚያስፈርመው መኮንን ፊት ተሰለፍን። ከጎኑ ያችው አስተርጓሚ ናት። ወረቀቱ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ ነው።

«ምን ይላል?»

«በቆይታዬ የሕክምና ምርመራ ተደርጎልኛል፣ ጤነኛ ነኝ፣ ቅሬታ የለኝም ይላል። እዚህ ጋ ፈርሚ።»

«አልተመረመርኩም።»

«አውቃለሁ» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ካልፈረምሽ ግን በረራው ያልፍሻል። የሚቀጥለው መቼ እንደሆነ ማንም አያውቅም። ፈርሚ።»

እምቢ ማለት ጉልበት ይጠይቃል፤ እኔ ጠረጴዛውን ካልያዝኩ መቆም እንኳ አልችልም ነበር። ሦስት ወር ተጨማሪ በዚያ ክፍል ብቆይ በሕይወት እንደማልወጣም አውቃለሁ። እስክሪብቶውን ያዝኩ። ፊርማ የሚቀመጥበት መስመር ላይ፣ አንደኛ ደረጃ እንደተማርኩት ፊደሉን አንድ በአንድ እየለየሁ፣ በአማርኛ «አልተመረመርኩም» ብዬ ጻፍኩ። እጄ ስለሚዘገይ ብዙ ጊዜ ወሰደ። ከኋላዬ ያሉት ሴቶች ማጉረምረም ጀመሩ። አራት ነጥቡን ሳልረሳ አኖርኩ።

መኮንኑ ወረቀቱን አቀርቅሮ አየና አስተርጓሚዋን ጠየቃት። ምን እንዳላት ገብቶኛል፤ ያን ያህል ዐረብኛ አለኝ። «ይህ ምንድን ነው?» ነው ያላት።

ጎንበስ ብላ አነበበችው። ዓይኗ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው ሄዶ ተመልሶ እንደገና ሲሄድ አየሁ። እንጀራዋ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው።

«ስሟ ነው» አለችው በዐረብኛ።

«ይህ ሁሉ?»

«የእኛ አገር ስም ረጅም ነው።»

ማኅተሙን መታበት። እሷ ወደኔ አላየችም፤ «ቀጣይ» ብላ ከኋላዬ ያለችውን ጠራች።

አዲስ አበባ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ታናሽ እህቴ ደግፋ ሰፈራችን ያለ ክሊኒክ ወሰደችኝ። አንገቴን አይተው አልተከራከሩኝም። ከክንዴ ደም ቀዱ፤ ያቺን ትንሽ ብልቃጥ በደሜ ስትሞላ እያየሁ እንዳትሰበር ስል ፈራሁ። ውጤቱ በሁለት ቀን መጣ። የታይሮይድ እጢዬ ሥራውን ካቆመ ቆይቷል፤ በቀን አንዲት ፍሬ ክኒን በባዶ ሆድ፣ ዕድሜ ልክ። ያ ሁሉ መከራ በአንዲት ፍሬ ክኒን የሚገታ ነበር። ደስ ሊለኝ ሲገባ መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው፤ ለምን እንደሆነ ለማስረዳት አልሞክርም።

ክኒኑን ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። የሆሳዕናዋን ልጅ በብዙ ሰው አስጠየቅኩ፤ የሚያውቃት አላገኘሁም። ከዚያ ቤት የወጣሁት በአንዲት ሴት ጩኸትና በሌላዋ ውሸት ነው፤ ሁለቱም የት እንዳሉ አላውቅም።

ያን ቀን ውጤቱን የነገረኝ ሐኪም ገና ወጣት ነው። ወረቀቱን ደጋግሞ አየና ተቆጣኝ፤ የሐኪም ቁጣ፣ ለራሴ ብሎ።

«ይህ ብዙ ዓመት የቆየ ነው። እስካሁን ለምን አልተመረመርሽም?»

የማዳሜ ፓናዶል፣ ቅጹ፣ ሻዩ፣ ነጌቲቩ፣ ሁሉም አፌ ላይ መጥተው ቆሙ። ከየት እንደምጀምር አጣሁ፤ ጀምሬም የምጨርስ አልመሰለኝም።

«ወረፋ በዝቶ ነው» አልኩት።

የእኛ አገር ሐኪም ነውና ወረፋ ይገባዋል። ራሱን ነቀነቀና ክኒኑን ጻፈልኝ። እውነቱን ያልነገርኩት ደብቄው አልነበረም፤ ለመናገር ጉልበት ስላልነበረኝ ነው። አሁን ጉልበቱ አለኝ።